በሁለት ቁሶች ድንበር ላይ የሚኖር ሞገድ

ብርሃን ከአየር ወደ ውኃ ሲሻገር ከፊሉ ከውኃው ገጽ ተንጸባርቆ ይመለሳል፣ ከፊሉ ደግሞ አቅጣጫውን ሰብሮ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ይህ በየትምህርት ቤቱ የሚሰጥ ትምህርት ስለሆነ የሁለት ቁሶች ድንበር የመጣበትን ሞገድ ለሁለት ከፍሎ ከማሰናበት በቀር ሌላ ሥራ የሌለው ቀጭን መስመር ተደርጎ ሲታሰብ ኖሯል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክለርክ ማክስዌል በ1860ዎቹ ያቀናጃቸው የኤሌክትሪክና የማግኔት እኩልታዎች ግን (በዚህ ዲስኩር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጥንቃቄ ሲፈቱ ለድንበሩ ሌላ ዕድል ይሰጡታል፤ ይኸውም ወደ አንዱም ቁስ ሳያመልጥ በድንበሩ እየተመራ የሚጓዝ፣ ከድንበሩ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች በተራቀ ቁጥር ብርታቱ በፍጥነት እየሟሸሸ የሚጠፋ ሞገድ ነው። የፊዚክስ ሊቃውንት ኤሌክትሮማግኔቲክ የገጽ ሞገድ ይሉታል። ሞገዱ ከሁለቱ ቁሶች የአንዱ ብቻ ስላልሆነ አንዱ ከተነሣ እርሱም አብሮ ይጠፋል።

የዚህ ሞገድ ታሪክ ከመቶ ዓመት ይበልጠዋል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከእርሱ ይፈለግ የነበረውና እርሱ ሊሰጥ የሚችለው ለረጅም ዘመን ሳይገናኙ ቆይተዋል። መሐንዲሶች መልእክት ወደ ሩቅ አገር እንዲያደርስላቸው ተመኙ፤ ሞገዱ ግን በጨው ባሕር ላይ ካልሆነ በቀር ለዚህ የሚሆን አቅም አልነበረውም። ዋጋው የታወቀው ርቆ እንዲሄድ መጠየቁ ቀርቶ ድንበሩን የነካው ምን እንደሆነ እንዲመሰክር ሲጠየቅ ነው።

የመጀመሪያው ምኞት ከሬዲዮ ጋር የተወለደ ነው። ጉልየልሞ ማርኮኒ በ1901 ዲሴምበር 12 ቀን በእንግሊዝ አገር ኮርንዎል ውስጥ ፖልዱ ከተባለ ስፍራ የተላከውን ምልክት ከአትላንቲክ ማዶ በኒውፋውንድላንድ መቀበሉን ባስታወቀ ጊዜ የዘመኑ ሊቃውንት እንቆቅልሽ ገጠማቸው። ምድር ክብ ናት፤ ሞገድ ደግሞ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ታዲያ 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የውቅያኖስ ጉብታ እንዴት ዞሮ ደረሰ? አርተር ኬነሊና ኦሊቨር ሄቪሳይድ በማግሥቱ ዓመት በ1902 በየበኩላቸው በከባቢ አየር ላይኛው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ንጣፍ መኖር አለበት፣ ሞገዱም ከዚያ እየተንጸባረቀ ይመለሳል አሉ። ሌሎች ግን መልሱን ከእግራቸው ሥር ፈለጉት። ጀርመናዊው ዮናታን ዜኔክ በ1907 ባወጣው ጥናት የማክስዌል እኩልታዎች በአየርና በምድር ድንበር ላይ ከመሬት ጋር ተጣብቆ የሚሄድ ሞገድ እንደሚፈቅዱ አሳየ፤ ምድር ኤሌክትሪክን በመጠኑ የምታስተላልፍ፣ በመጠኑ ደግሞ የምታባክን ቁስ ስለሆነች ሞገዱ ወደ መሬት ዘንበል ብሎ፣ ጉልበቱን በጥቂት በጥቂቱ ለአፈሩ እየገበረ ይጓዛል።

የዜኔክ ስሌት አንድ ነገር አላካተተም፤ ሞገዱ ሊኖር እንደሚችል አረጋገጠ እንጂ አንድ አንቴና በእርግጥ ያንን ሞገድ ይፈጥር እንደሆነና ከፈጠረም ምን ያህል እንደሚሆን አልመለሰም። የሙኒኩ አርኖልድ ዞመርፌልድ በ1909 ይህን ጥያቄ አንሥቶ ከመሬት በላይ የቆመን ትንሽ አንቴና ሲያሰላ መፍትሔው ለሁለት ተከፈለለት፤ አንዱ ክፍል በሕዋው የሚሰራጭ ሞገድ፣ ሌላው ደግሞ የዜኔክን የሚመስል የገጽ ሞገድ ሆነ። ሄርማን ዋይል በ1919 ያንኑ ችግር በሌላ መንገድ ፈትቶ የገጽ ሞገድ ለብቻው ተነጥሎ የማይወጣበት ውጤት አገኘ። ሁለቱ ቀመሮች በብዙ ሁኔታ ይቀራረባሉ፤ በአንዳንድ ሁኔታ ግን እጅግ ይራራቃሉ። አሜሪካዊው ኬኔት ኖርተን በ1935 በዞመርፌልድ ሥራ ውስጥ የምልክት ስሕተት አለ፣ መደመር የሚገባው ተቀንሷል የሚል አሳብ አቀረበ፤ ቆይተው ጽሑፉን የመረመሩ ደግሞ ስሕተቱ አለ መባሉን ራሱን ተከራክረውበታል። የሒሳብ ክርክር ለዚህን ያህል ዘመን መጓተቱ የሚያስገርም ቢመስልም፣ በእኩልታ የሚፈቀድና በተፈጥሮ የሚገኝ ነገር ሁልጊዜ አንድ ስላልሆነ ነገሩ በቀላሉ የሚቋጭ አልነበረም።

ክርክሩን ወደ መሬት ያወረደው ቻርልስ በሮውስ የተባለ የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ ነው። በሮውስ በ1936 በኒውዮርክ ግዛት ጥልቀት ባለው በሴኔካ ሐይቅ ላይ የሞገድ ርዝመቱ 2 ሜትር በሆነ ሬዲዮ ልኬታ አካሄደ። ሐይቁ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሐይቅ ውኃ ወጥ ነው፣ ገጹም ለጥ ያለ ነው፤ በዚያ የሞገድ ርዝመት ደግሞ ሁለቱ ቀመሮች በጣም የተራራቁበት ሁኔታ የሚገኘው እንዲህ ባለ ስፍራ ነው። የተለካው ብርታት ከዋይልና ከኖርተን ስሌት ጋር ገጠመ፤ የዞመርፌልድ የገጽ ሞገድ ቢኖር ኖሮ ሊገኝ የሚገባው ብርታት ግን አልተገኘም። የማርኮኒም እንቆቅልሽ ቢሆን መልሱ ከላይ መጣ፤ ኤድዋርድ አፕልተን በ1924 ዛሬ አዮኖስፌር የሚባለውን ንጣፍ መኖር በሙከራ አረጋገጠ።

ይህ ማለት ግን ምድር ሬዲዮን አትመራም ማለት አይደለም። በሚዲየም ዌቭ የሚያሰራጩ ጣቢያዎች ቀን ቀን የሚሰሙት የመሬት ሞገድ በሚባለው፣ የዜኔክ ንጹሕ ሞገድ ባይሆንም የመሬቱን ገጽ ተከትሎ በሚጓዘው ሞገድ አማካይነት ነው፤ ሌሊት ደግሞ ቀን ሞገዱን ይውጥ የነበረው የታችኛው የአዮኖስፌር ክፍል ስለሚሳሳ ከሰማይ የተንጸባረቀው ይጨመርና በኢትዮጵያም ሆነ በሌላ አገር ቀን የማይያዝ የሩቅ ጣቢያ ከምሽት በኋላ ጥርት ብሎ ይሰማል። የሚዲየም ዌቭ አንቴና ቀጥ ብሎ የቆመ ረጅም ምሰሶ የሆነበትም ምክንያት ከዚሁ ይመነጫል፤ ከመሬት ጋር ትይዩ የሆነ ኤሌክትሪካዊ መስክ አስተላላፊ በሆነው ምድር ወዲያው ስለሚጠፋ ገጹን ይዞ መሄድ የሚችለው ቀጥ ብሎ የቆመው መስክ ብቻ ነው። የባሕር ውኃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም ከደረቅ አፈር ከሺህ ጊዜ በላይ ሊበልጥ ስለሚችል ሞገዱ በባሕር ላይ እጅግ ርቆ ይሄዳል። ኒውዚላንዳዊው ዳግላስ ክሮምቢ በ1955 በ13.56 ሜጋ ኸርዝ ምልክት ወደ ባሕር ልኮ የተመለሰውን ሲመረምር ምልክቱ የሚመለሰው በዋነኛነት ርዝመታቸው የሬዲዮው ሞገድ ግማሽ፣ ማለትም 11 ሜትር ገደማ ከሆነ የውኃ ሞገዶች መሆኑን ከፍሪክዌንሲው መዛነፍ ደረሰበት። ዛሬ በብዙ አገሮች ጠረፍ ላይ ተተክለው የውቅያኖስን ጅረት ፍጥነት የሚለኩት፣ ከአድማስ ባሻገር ያለችንም መርከብ የሚያዩት ራዳሮች የተገነቡት በዚህ ላይ ነው። እንግዲህ የሩቅ መንገደኛነቱ ፍሬ ያፈራው እዚህ ላይ ብቻ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ጌኦርግ ጎባው በ1950 አንድ የመዳብ ሽቦ በማያስተላልፍ ስስ ሽፋን ሲለበጥ ሞገዱ ከሽቦው ገጽ ጋር ይበልጥ እንደሚጣበቅ አሳይቶ ባለ አንድ ሽቦ መስመር ሠርቶ ነበር፤ ሽቦው በታጠፈ ቁጥር ሞገዱ ስለሚያመልጥ ግን ብዙ አልተስፋፋም።

ሬዲዮን የሚያጠኑት በዚህ ሲከራከሩ በብርሃን ጥናት ወገን ደግሞ ያው ሞገድ ስሙ ሳይታወቅ ተገልጦ ነበር። በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሮበርት ዉድ በ1902 ግሬቲንግ በተባለ መሣሪያ ያልጠበቀውን ነገር አየ። ግሬቲንግ በተወለወለ ብረት ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ እጅግ የተቀራረቡ ጭረቶች እኩል ተራርቀው የተሰመሩበት መስተዋት ሲሆን፣ ነጭ ብርሃን ሲያርፍበት ወደየቀለማቱ ይበትነዋል። የተራ መብራት ብርሃን ሲበተን ከቀይ እስከ ወይን ጠጅ ቀስ እያለ መለዋወጥ ሲገባው ዉድ ያየው ግን በመካከሉ ድንገት የሚፈኩና ድንገት የሚጨልሙ መስመሮችን ነው። ከፍካቱ እስከ ጨለማው ያለው ልዩነት አሥር እጅ ያህል ሆኖ ሳለ ሽግግሩ የተፈጸመው በሁለቱ የሶዲየም ቢጫ መስመሮች መካከል ካለው ርቀት፣ ማለትም ከ0.6 ናኖ ሜትር በማይበልጥ የሞገድ ርዝመት ውስጥ ነበር፤ አንድ ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህ ክስተት ከዚህም በላይ በፖላራይዜሽን ላይ የተመሠረተ ሆኖ ተገኘ። ፖላራይዜሽን የብርሃኑ ኤሌክትሪካዊ መስክ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ ሲሆን፣ መስኩ ለጭረቶቹ ቀጤ ነክ ሲሆን ጨለማው ይታያል፣ ከጭረቶቹ ጋር ትይዩ ሲሆን ይጠፋል። የሬዲዮው ምሰሶ ቀጥ ብሎ የቆመበት ምክንያትና ይህ ከአንድ ምንጭ መቀዳታቸውን ያኔ የጠረጠረ አልነበረም።

ሎርድ ሬይሊ በ1907 ጨለማው የሚወድቅባቸው የሞገድ ርዝመቶች ከተበተኑት ጨረሮች አንዱ የመስተዋቱን ገጽ እየዳሰሰ ከሚወጣባቸው ጋር እንደሚቀራረቡ አሰላ፤ የቀረበ እንጂ የተሟላ መልስ አልነበረም። ለሙሉው ማብራሪያ እስከ 1941 መጠበቅ አስፈለገ፤ በዚያ ዓመት ጣሊያናዊው ኡጎ ፋኖ ጭረቶቹ የሚመጣውን ብርሃን ጉልበት በብረቱ ገጽ ላይ ወደሚጓዝ ሞገድ እንደሚያስተላልፉና የጎደለው ብርሃን እዚያ መግባቱን አሳየ፤ ዞመርፌልድ ለሬዲዮ ከተጠቀመበት ጋር የሚዛመድ አስተሳሰብ ነበር።

ሦስተኛው ወገን በብርሃንም በሬዲዮም አልመጣም። ፈጣን ኤሌክትሮኖች በስስ ብረት ውስጥ ሲያልፉ ጉልበታቸውን በተወሰነ መጠን እየቆረሱ እንደሚያጡ ይታወቅ ነበር፤ ይህም በብረቱ ውስጥ በነጻነት የሚንቀሳቀሱት ኤሌክትሮኖች እንደ አንድ አካል አብረው በመወዛወዛቸው የሚመጣ ነው። በቴኔሲ በሚገኘው የኦክ ሪጅ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ሩፈስ ሪቺ በ1957 ከዚህ መጠን ያነሰ ሌላ ኪሳራ መኖር እንዳለበት፣ እርሱም የብረቱ ገጽ ብቻ በሚወዛወዝበት ጊዜ የሚፈጠር መሆኑን በስሌት አሳየ። ፓውልና ስዋን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1959 በአሉሚኒየም ላይ ሲለኩ ለውስጡ 15 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ፣ ለገጹ 10 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ አገኙ፤ ኤሌክትሮን ቮልት አንድ ኤሌክትሮን የ1 ቮልት ልዩነት ሲሻገር የሚያገኘው ጉልበት ነው። ስተርንና ፌረል በ1960 ይህን የገጽ ውዝዋዜ ሰርፌስ ፕላዝሞን በሚል ስም ጠሩት፤ አብረውም በብረቱ ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ካለ የውዝዋዜው ጉልበት እንደሚቀንስ አመለከቱ። ፓውልና ስዋንም አሉሚኒየሙ አየር እየነካው ሲዝግ የ10 ኤሌክትሮን ቮልቱ ኪሳራ እየደበዘዘ በ7 ገደማ ሌላ ሲተካ አዩ። ጥቂት የአተም ድርብርብ ውፍረት ያለው ዝገት መኖሩን ሞገዱ ተናገረ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ በመስኩ የተሠራው ብዙ ነገር በዚህ ልኬታ ውስጥ በጅምሩ ይታያል፣ በጊዜው ግን ያንን ያህል ትኩረት የሰጠው አልነበረም።

ሞገዱ ከገጹ ጋር የሚጣበቅበት ምክንያት በኤሌክትሪካዊ መስክና በቁስ መካከል ባለው ግንኙነት ይገለጻል። ማንኛውም ቁስ ለኤሌክትሪካዊ መስክ የሚሰጠው ምላሽ ፐርሚቲቪቲ በሚባል ቁጥር ይመዘናል፤ የአየር 1 ነው፣ ለሚታይ ብርሃን የውኃ 1.77 ገደማ ነው። ብረት ግን ከዚህ ይለያል፤ በውስጡ ያሉት ነጻ ኤሌክትሮኖች ለሚታየው ብርሃን ግፊት ሲታዘዙ ከመስኩ ጋር በተቃራኒ ምት ስለሚወዛወዙ የብረቱ ፐርሚቲቪቲ አሉታዊ ይሆናል። ለ633 ናኖ ሜትር ቀይ ብርሃን የወርቅ ከዜሮ በታች 11.6 ገደማ፣ የብር ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ገደማ ነው። የማክስዌል ሕግ ከድንበሩ ጋር ቀጤ ነክ የሆነው መስክ በየቁሱ ፐርሚቲቪቲ ተባዝቶ በሁለቱም ወገን እኩል እንዲሆን ስለሚያስገድድ፣ ፐርሚቲቪቲው በአንዱ በኩል አዎንታዊ፣ በሌላው በኩል አሉታዊ ከሆነ መስኩ በድንበሩ ላይ አቅጣጫውን ይገለብጣል፤ የተገለበጠውም መስክ በድንበሩ ላይ ኤሌክትሪካዊ ቻርጅ እንዲከማች ያደርጋል። ከቻርጁ ጋር የታሠረ መስክ ደግሞ ወደ ሁለቱም ወገን እየሟሸሸ ከመሄድ በቀር ማምለጫ የለውም። ቀጤ ነክ መስክ የሌለው ሞገድ ቻርጅ ማከማቸት ስለማይችል በዚህ ዓይነት ድንበር ላይ አይኖርም፤ ዉድ ያየው የፖላራይዜሽን ምሥጢር ይኸው ነው። የዜኔክ ሞገድ ከዚህ የሚለየው የምድር ፐርሚቲቪቲ በእውነት አሉታዊ ስላልሆነና ሞገዱ የቆመው በምድሪቱ ብክነት ላይ በመሆኑ ነው፤ ለዚህም ይመስላል አንዱ ዘመኑን ሁሉ ሲያከራክር ሌላው በየቤተ ሙከራው በቀላሉ የተገኘው።

ስለ መጠኑ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በወርቅና በአየር ድንበር ላይ በ633 ናኖ ሜትር የሚጓዝ ሞገድ በአየሩ በኩል 330 ናኖ ሜትር ገደማ፣ በወርቁ በኩል 28 ናኖ ሜትር ገደማ ሲራቅ የመስኩ ብርታት ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል፤ በድንበሩ ርዝመት ደግሞ 10 ማይክሮ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። በብር ላይ ወደ 60 ማይክሮ ሜትር ይደርሳል፤ ከአንድ ፀጉር ውፍረት አይበልጥም። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ በኮምፒውተር ቺፕ ውስጥ ያሉትን የመዳብ ሽቦዎች በእንዲህ ዓይነት ሞገድ የመተካት ተስፋ በብዙ ጽሑፎች ሲሰበክ ይህ ቁጥር ተሰውሮ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ የሩቅ መልእክተኛነት ምኞት ከሬዲዮ ዘመን ወደ ቺፕ ዘመን ተሸጋግሮ ያንኑ ግድግዳ እንደገና መምታቱ የማይቀር ነበር። ወርቅ መስኩን አጥብቆ የሚይዘው በኤሌክትሮኖቹ ነው፤ ጉልበቱን ወደ ሙቀት የሚያባክኑትም እነዚያው ኤሌክትሮኖች ናቸው።

ሌላም እንቅፋት ነበረ። ይህ ሞገድ የሞገድ ርዝመቱ ተመሳሳይ ፍሪክዌንሲ ካለው ነጻ ብርሃን ያነሰ ነው፤ ለምሳሌ በአየር 633 ናኖ ሜትር የሆነው ብርሃን በወርቁ ገጽ ላይ 605 ናኖ ሜትር ይሆናል። ርምጃቸው የማይገጥም ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር ቢጠመዱ እርሻው እንደማይቀና ሁሉ፣ ለስላሳ ወርቅ ላይ የወደቀ ብርሃንም ከገጹ ሞገድ ጋር እርምጃው ስለማይገጥም ጉልበቱን ሊያስረክበው አይችልም። የዉድ ጭረቶች የጎደለውን እርምጃ ሞልተው ነበር። ቱርባዳር የተባለ ተመራማሪ በ1959 በፕሪዝም ላይ በተለበጠ ስስ የአሉሚኒየም ንጣፍ ላይ በአንድ አንግል የተንጸባረቀው ብርሃን ፈጽሞ ሲጠፋ አይቶ መዝግቧል፤ ያየው የገጽ ሞገድ መሆኑን ግን አልተናገረም። በ1968 የሙኒኩ አንድሪያስ ኦቶና የሃምቡርጎቹ ክሬችማንና ሃይንዝ ሬተር ሁለት ተቀራራቢ መንገዶች አቀረቡ። በፕሪዝሙ መስታወት ውስጥ ብርሃን በዝግታ ስለሚሄድ የሞገድ ርዝመቱ ያጥራል፤ ወደ መስታወቱ ጠርዝ በሰፊ አንግል ሲላክ ሙሉ በሙሉ ይንጸባረቃል፣ ነገር ግን ከጠርዙ ውጭ ጥቂት የሚሟሽሽ መስክ ይዘረጋል። ኦቶ በፕሪዝሙና በብረቱ መካከል ቀጭን የአየር ክፍተት ተወ፤ ክሬችማንና ሬተር ግን 50 ናኖ ሜትር ገደማ የሆነ ስስ ብረት ፕሪዝሙ ላይ ለበጡና መስኩ በብረቱ ውስጥ አልፎ በሌላው ገጽ ያለውን ሞገድ እንዲቀሰቅስ አደረጉ። ክፍተትን ከናኖ ሜትር በማይበልጥ ስሕተት መጠበቅ አስቸጋሪ ነው፤ ወርቅን በተወሰነ ውፍረት መለበጥ ግን በቫኩም ክፍል ውስጥ የሚሠራ የተለመደ ሥራ ስለሆነ ሁለተኛው አሠራር ገበያውን ወሰደ። ተራ መስታወት በመጠቀም በወርቅና በአየር ድንበር ላይ የተንጸባረቀው ብርሃን 44 ዲግሪ ገደማ ላይ በድንገት ይጨልማል፤ በወርቁ ላይ ውኃ ሲፈስበት ያው ጨለማ ወደ 72 ዲግሪ ገደማ ይዛወራል።

የዚህ መስክ ሁሉ ፍሬ ነገር ከ44 ወደ 72 በተዛወረው አንግል ውስጥ ይገኛል። በወርቁ ላይ የሚያርፈው ነገር ምንም ያህል ስስ ቢሆን የድንበሩን ሁኔታ ስለሚለውጥ ጨለማው የሚወድቅበት አንግል ይንቀሳቀሳል። ቦ ሊድበርግ፣ ክላስ ኒላንደርና ኢንገማር ሉንድስትረም በስዊድኑ ሊንሾፒንግ በ1983 ባሳተሙት ጥናት ይህን አንግል በመከታተል ጋዝንና ፕሮቲንን መለየት እንደሚቻል አሳዩ፤ ፋርማሲያ ባዮሴንሰር የተባለው የስዊድን ኩባንያ በ1990 የመጀመሪያውን የንግድ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። የአሠራሩ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፤ በወርቁ ገጽ ላይ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት የበሽታ ምንጭን ለመያዝ የሚያመርተው ፕሮቲን፣ በኬሚካል ተጣብቆ ይቀመጣል፤ በላዩ በጠባብ ቱቦ ፈሳሽ ያልፋል፤ በፈሳሹ ውስጥ የሚፈለገው ሞለኪውል ካለ ከአንቲቦዲው ጋር እየተያያዘ ሲከማች አንግሉ በስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ቦታው ሲሞላ ጠፍጠፍ ይላል፤ ንጹሕ ፈሳሽ ሲተካ ደግሞ ሞለኪውሎቹ እየተላቀቁ ስለሚሄዱ መስመሩ መውረድ ይጀምራል። በአወጣጡና በአወራረዱ ፍጥነት ሁለቱ ሞለኪውሎች ምን ያህል አጥብቀው እንደሚያያዙ ይሰላል፤ መድኃኒት የሚፈልጉ ቤተ ሙከራዎች መሣሪያውን በዋነኛነት የሚፈልጉት ለዚህ ነው። የመለኪያው አሃድ በጣም ትንሽ ነው፤ የአንድ ዲግሪ አንድ አሥር ሺህኛ የሆነ መዛወር በአንድ ሚሊ ሜትር ካሬ ላይ አንድ ፒኮ ግራም፣ ማለትም የግራም አንድ ትሪሊዮንኛ ያህል ፕሮቲን እንደማረፍ ይቆጠራል። ሞገዱ በውኃ ውስጥ የሚዘረጋው 180 ናኖ ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ ከዚያ በላይ በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፈውን እጅግ ብዙ ሞለኪውል ፈጽሞ አያየውም፤ ይህ አጭር እይታው ለሬዲዮ ጉድለት የነበረ ሲሆን እዚህ ግን የሚፈለግ ሆነ።

ስለ መሣሪያው የሚነገረው ሁሉ እንዲህ የሚያምር ብቻ መሆን የለበትም። ሞገዱ የሚያውቀው አንድ ነገር መንካቱን እንጂ የነካው ማን መሆኑን አይደለም፤ ለይቶ የሚያውቀው በወርቁ ላይ የተቀመጠው አንቲቦዲ ነው፣ አንቲቦዲው ደካማ ከሆነ ሞገዱ ምንም ቢበረታ ውጤቱ አይታመንም። የውኃ የብርሃን አሰባበር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ የሙቀት ለውጥ በአሥር ሺህኛ ገደማ ስለሚለዋወጥ የፈሳሹ ሙቀት በጥንቃቄ ካልተያዘ የሙቀቱ መዋዠቅ እንደ ሞለኪውል መጣበቅ ሆኖ ይነበባል። በእርግዝና መመርመሪያ ወረቀት ላይ የሚታየው ቀላ ያለ መስመርም ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ በዚያ ግን ሞገድ አይጓዝም፣ የጥቂት አሥር ናኖ ሜትር ስፋት ያላቸው የወርቅ ቅንጣቶች ኤሌክትሮናቸው በሙሉ አንድ ላይ ሲወዛወዝ አረንጓዴውን ብርሃን ስለሚውጡ ቀሪው ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ይህን መሰል ቀላል ነገር ከውድ መሣሪያ ይልቅ ብዙ ሕዝብ ማገልገሉ ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም።

ብክነቱን ለማስወገድ ከሚሞከሩት መንገዶች ብረትን ጨርሶ መተው አንዱ ነው። የሶቪየቱ ሚካኤል ዲያኮኖቭ በ1988 ሁለቱም ቁሶች ብርሃን የሚያሳልፉ፣ ፐርሚቲቪቲያቸውም አዎንታዊ ሆኖ ሳለ የገጽ ሞገድ ሊኖር እንደሚችል አሳየ፤ አንዱ ቁስ ግን ለብርሃን በየአቅጣጫው የተለያየ ጠባይ ያለው ክሪስታል መሆን አለበት፣ የሌላው ቁስ ፐርሚቲቪቲ ደግሞ በክሪስታሉ ሁለት ፐርሚቲቪቲዎች መካከል መውደቅ ይኖርበታል። በዚህ ጊዜ ሞገዱን አጥምዶ የሚይዘው ቻርጅ አይደለም፤ የክሪስታሉ የአቅጣጫ አድልዎ ነው፤ ጉልበት የሚያባክን ኤሌክትሮን ስለሌለ ሞገዱ ብዙ ይርቃል። ችግሩ ሞገዱ በሁሉም አቅጣጫ አለመጓዙ ነው፤ በተለመዱት ክሪስታሎች የሚፈቀድለት የአቅጣጫ ክልል ብዙ ጊዜ ከአንድ ዲግሪ አይሰፋም፣ ክሪስታሉ በጥቂቱ ቢጠመም ሞገዱ አይገኝም። የባርሴሎናው የፎቶኒክስ ተቋም ተመራማሪዎች በልዩ ክሪስታል ላይ አሰባበሩ ተመርጦ የተቀመመ ፈሳሽ አፍስሰው፣ የኦቶን ፕሪዝም የሚመስል አደረጃጀት ተጠቅመው ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በ2009፣ ከዲያኮኖቭ ስሌት 21 ዓመት በኋላ ነው። የሚፈቀደው አቅጣጫ የሚወሰነው ክሪስታሉን በሚነካው ፈሳሽ አሰባበር ስለሆነ፣ ይህንንም ሞገድ ለመለኪያነት የማዋል አሳብ በተለያዩ ጥናቶች ቀርቧል፤ ብረት በሌለበት ድንበር ላይ ፕሮቲንን የሚያጣብቁ ኬሚካሎችን ማዘጋጀት ግን በወርቅ ላይ እንደሚደረገው ቀላል አይደለም፣ ወርቅ ከድኝ አተም ጋር በቀላሉ ስለሚተሳሰር ብዙው የማጣበቂያ ኬሚስትሪ የተገነባው በእርሱ ላይ ነውና።